«ዳኛውና ልጁ» ኦፔራ ሲሆን

በቴአትር ቤት ሠላሳ አራት ዓመት ሠርቼ ዘንድሮ ጡረታ ወጣሁ። ሥራዬን የማያውቅ ሰው «ዘፋኝ ነበርሽ?» ይለኛል። በዘፋኝነት የቆየሁት ስድስት ዓመት ብቻ ነው። የቀረው ዘመኔ ያለቀው ሌሎች ሲዘፍኑ ቃላቸው ለተመልካች ጥርት ብሎ እንዲደርስ በማድረግ ነው። መዝገብ ላይ «የድምፅ ባለሙያ» ተብዬ ስለተጻፍኩ፣ ማይክራፎን የምሰካ የሚመስላቸው አለቆች ነበሩኝ። ከእነሱ አንዱ ሁለት ዓመት ላፍቶ ወደሚገኝ የወጣቶች አዳራሽ መድቦኝ ነበር። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወቅጠው እርስ በርስ መሰማማት አይቻልም። ትንፋሽ በሆድ እንጂ በጉሮሮ እንደማይያዝ በደንብ ማስተማር የለመድኩት እዚያ ነው።

ሥራውን ያስተማረኝ ጋሽ ደምሴ ነው፤ የሙዚቃ ክፍላችን ኃላፊ የነበረ፣ ረጅም፣ ሞቃት ቀንም ካፖርቱን የማያወልቅ ሰው። እስኪሞት ድረስ እፈራው ነበር። አንድን ግጥም ከዜማ ጋር ከማገናኘቱ በፊት ቀይ እርሳሱን ከደረት ኪሱ ያወጣና ጠብቆ በሚነበበው ፊደል ሁሉ አናት ላይ ነጥብ ያሳርፋል። ፊደላችን ጠብቆ የሚነበበውን ከሚላላው አይለይም፤ ስንነጋገር ችግር የለውም፣ አፋችን ያውቀዋል። ዜማ ግን ቃሉን ጎትቶ ሌላ ቃል ያደርገዋል። «ይመታል» ሲላላ ሰውዬው መቺ ነው፣ ሲጠብቅ ተመቺ ነው። «አንዲት ነጥብ ከሳትሽ ዱላው ከሰው እጅ ወደ ሰው ጀርባ ይዞራል» ይለኝ ነበር።

ሌላም ልማድ ነበረው። ልምምድ ሲያደምጥ ከኋላ ወንበር ሄዶ ይቀመጥና ለመድረኩ ጀርባውን ይሰጣል። መጀመሪያ ንቀት መስሎኝ አልቅሻለሁ። አንድ ቀን ደፍሬ ስጠይቀው፣ «ፊትሽን ካየሁ በዓይኔ ነው የምሰማሽ። ያ ደግሞ ራስን ማታለል ነው» አለኝ። ከዚያም ምንም የማያውቅ ሰው፣ አንዳንዴ ሻይ የምታፈላውን፣ አንዳንዴ ጥበቃውን ይጠራና «ምን አሉ?» ብሎ ይጠይቃል። የተዘፈነውን በራሳቸው አማርኛ መልሰው ካልነገሩት ዜማው ይቀደዳል።

በጆሮዬ መተማመን የጀመርኩት እሱ ከሞተ በኋላ ነው። አንዲት ተዋናይት ሙሾ ስታወጣ ማንም ያላስተዋለውን ስንጥቅ በድምፅዋ ውስጥ ሰማሁና፣ ሦስት ሳምንት ትንፍሽ እንዳትል አስከለከልኳት። አዘጋጁ ሥራ አበላሸሽብኝ ብሎ ደነፋ። ሐኪም ሲያያት ጉሮሮዋ ውስጥ እብጠት ተገኘ፤ አንድ ሳምንት ብትጨምር ድምፅዋ ላይመለስ ይችል እንደነበር ነገሯት። ከዚያ ወዲህ በቤቱ ውስጥ «አስካለ ሰምታዋለች?» የሚል አባባል ተለመደ። እኔ ሰምቼ «ይሄዳል» ካልኩ አለቀ።

ያ ጆሮ መክዳት የጀመረው መካኒሳ ታክሲ መያዣው ላይ ነው። የረዳቱን ጥሪ እሰማለሁ፣ የሚጠራው ሰፈር ግን አፉ ላይ ይቀልጥብኛል። በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ የማልሄድበት ታክሲ ውስጥ ገባሁ። ቤት ውስጥ ባለቤቴ ተሾመ «ሬዲዮኑ የሚጮኸው ለእኛ ነው ለመንገደኛው?» ሲለኝ፣ ሬዲዮኑ ተበላሽቷል ብዬ ተቆጣሁት።

ለማንም ሳልናገር ጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው፣ ድምፅ ስሰማ እጄን እንዳነሳ ነገሩኝ። ለረጅም ጊዜ እጄን አላነሳሁም። የዝምታ ጊዜ ነው ብዬ ነበር የምጠብቀው። በመስተዋቱ በኩል የምትመዘግበውን ልጅ ቀና ብዬ ሳያት ግን ጣቷ ቁልፎቹን ያለማቋረጥ ይጫናል። ያን ጊዜ ገባኝ። ሐኪሙ የቀኙ ብዙ እንደተጎዳ፣ ግራውም እየተከተለው እንደሆነ ገልጾልኝ መስሚያ መሣሪያ አዘዘልኝ። ወረቀቱን ቦርሳዬ ሥር ቀብሬ ወጣሁ። መሣሪያውን ባደርግ ይታያል። ከታየ ደግሞ ማን «አስካለ ሰምታዋለች?» ይላል?

ሜሮን የመጣችው በዚያው ወር ነው። እዚሁ ያገራችን ሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማረች፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች የዜማ ደራሲ ናት፤ ስታስብ ጣቶቿ በጭኗ ላይ ፒያኖ ይመታሉ። «ዳኛውና ልጁ» የተባለውን የድሮ ቴአትር ኦፔራ ላደርገው ነው አለችኝ። ታሪኩ ቀላልና ከባድ ነው፤ አንድ ዳኛ ሰው የገደለ ልጁን ራሱ ይፈርድበታል። በመጨረሻው ክፍል እናቲቱ ሌሊቱን ሙሉ ወህኒ ቤቱ በር ላይ ተቀምጣ ትቆያለች፤ ሲነጋ ልጇ ይገደላል። «ነጋ?» እያለች ዘቦቹን ሰባት ጊዜ ትጠይቃለች። ዘቦቹ ሰባት ጊዜ «ገና ነው» ይሏታል። ወጣት ሳለሁ ይህን ቦታ ሳየው ተመልካቹ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ነበር የሚጠብቀው።

ደራሲው አርፈዋል። መብቱ የልጃቸው የወይዘሮ ጽጌ ነው። ወይዘሮ ጽጌ በምርኩዝ የሚሄዱ፣ ረጋ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። የሰጡን ፈቃድ አንድ ሁኔታ ብቻ ነበረው፦ «ከአባቴ ቃል አንዲት ፊደል እንዳትነኩ።» ሜሮን ዜማውን ትጽፋለች፤ ቃሉን ከዜማው ጋር የማስማማቱና ዘፋኞቹን የማሠልጠኑ ሥራ የእኔ ሆነ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። እምቢ ካልኩ ግን ለምን ልባል ነው ብዬ ፈራሁ።

ዜማው ተጽፎ ልምምድ እስክንጀምር ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። የምንለማመደው ለቡ መብራት ኃይል፣ የፈርኒቸር ማምረቻ የነበረ አዳራሽ ውስጥ ነው። ግድግዳው ድምፁን ይመልሰዋል፤ ዘቦቹን የሚጫወቱት አሥራ ስድስት አጃቢዎች አንድ ላይ ሲዘፍኑ ለእኔ የሚደርሰኝ ጎርፍ ነው። ስለዚህ መደበቅን እንደ ሙያ ያዝኩት። ከሰው ግራ በኩል መቆም ትቼ በቀኝ በኩል እቆማለሁ፣ ደህናው ጆሮዬ ወደሱ እንዲሆን። ከበሮ መቺው ሲጀምር የእግሩን ጫማ አያለሁ። ቃሉን ከከንፈር አነባለሁ። ያልያዝኩትን በፈገግታና በራስ ንቅናቄ አልፋለሁ። ማታ ቤቴ ስገባ ቀኑን ሙሉ ሸክም እንደተሸከመ ሰው ትከሻዬ ይቆረጣጥመኛል። ጠዋት ስነሳ የመጀመሪያ ሥራዬ ጣቴን ጆሮዬ አጠገብ ማፍተልተል ነበር፤ ዛሬም ይሰማል ወይ ብዬ።

የእናቲቱን ቦታ የያዘችው ሐረገወይን ናት፤ ቀን ባንክ የምትሠራ፣ ከሥራ ስትወጣ በሁለት ታክሲ ለልምምድ የምትመጣ፣ ድምፅዋ ወፍራምና ጥቁር የሆነ ሴት። ከእሷ ጋር ብቻዬን ስሠራ ብዙም አልቸገርም፤ ቅርብ ናት፣ አፏን አያለሁ። የሚያስፈራኝ አጃቢዎቹ ናቸው።

ለተጋባዦች ልናሳይ አንድ ሳምንት ሲቀረን ሜሮን የዘቦቹን መልስ ለወጠችው። ከበሮ ጨመረችበት፣ «ገና ነው»ንም አዘገየችው። ሦስት ጊዜ አዘፈነቻቸውና ወደኔ ዞረች።

«እትዬ፣ ይሄ ‹ገና› ይሄዳል? እኔ ብዙ ስለሰማሁት መለየት አቅቶኛል።»

አሥራ ስድስቱን አፍ እያየሁ ነበር። የ‹ና› መጥበቅ ግን ከንፈር ላይ አይታይም፤ ምላስ ከጥርስ በስተኋላ ተደብቃ የምትሠራው ሥራ ነው። የሰማሁት ከበሮውን ብቻ ነው። እንደገና ይዝፈኑ ማለት እችል ነበር። አጃቢዎቹን አቁሜ አንድ በአንድ ልስማ ማለት እችል ነበር።

«ይሄዳል» አልኩ።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ይሄን ሥራ ዛሬ የጀመርኩት መሰለሽ?» ብዬ አፈጠጥኩባት። የፈራ ሰው ቁጣ ነው። ሜሮን አንገቷን ደፋች፣ ይቅርታም ጠየቀችኝ። ያ ይቅርታ እስካሁን ያቃጥለኛል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ በተጋባዦች ሞላ። ወይዘሮ ጽጌ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። እኔ ከመድረኩ ጎን መጋረጃው ሥር ቆሜ ዘፋኞቹንም ተመልካቹንም አያለሁ። እስከ መጨረሻው ክፍል ድረስ ሁሉም በሰላም ሄደ። ሐረገወይን በሩ ላይ ተቀመጠች። «ነጋ?» አለች። ዘቦቹ መለሱ። ሁለተኛ ጠየቀች። ዘቦቹ መለሱ።

በሦስተኛው ላይ ተመልካቹ መንቀሳቀስ ጀመረ። አንዲት ሴት በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ከኋላዋ የተቀመጠው ሰውዬ ትከሻው ይርገፈገፍ ጀመር። ሌላው ጎንበስ ብሎ ዓይኑን ጠረገ። በአራተኛው፣ በአምስተኛው መንቀጥቀጡ ከወንበር ወደ ወንበር ተዛመተ። ልቤ ሞላ። ሠላሳ አራት ዓመት ሠርቼ እንዲህ ያለ ልቅሶ አይቼ አላውቅም። ወይዘሮ ጽጌ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡና ፊታቸውን አዙረው ወጡ፤ ኀዘኑ በርትቶባቸው ነው ብዬ እኔም አለቀስኩ።

መጋረጃው ሲዘጋ ሮጬ ሜሮንን አቀፍኳት። «አየሻቸው? አስለቀስናቸው እኮ!»

ሜሮን ከእቅፌ ወጥታ አየችኝ። አፏ በዝግታ ስለተንቀሳቀሰ እያንዳንዱን ቃል አነበብኩት።

«እትዬ... እየሳቁ ነበር።»

ዓይኔን ከአፏ አልነቀልኩም።

«‹ገና ነው፣ ገና ነው› አሉ፤ የልደት በዓሉን ገና! አንዱማ ‹እንኳን አደረሳችሁ!› ብሎ ጮኸ። አልሰሙም?»

ዜማው ‹ና›ን ረግጦ አጥብቋት ኖሯል። ልጇ ሊገደልባት በር ላይ የተቀመጠችን እናት አሥራ ስድስት ሰዎች በከበሮ የበዓል ብሥራት ሲያበሥሯት፣ እኔ አጠገባቸው ቆሜ በደስታ አልቅሻለሁ። ያን ጊዜ እንኳ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ፍርሃት ግን አፌን ቀድሞ ያዘው።

«ሰምቻለሁ እንጂ» አልኳት፣ «ላጽናናሽ ብዬ ነው።»

በማግስቱ ወይዘሮ ጽጌ ለሜሮን ደውለው ፈቃዳቸውን አነሡ። ሜሮን አጃቢዎቹን ሰብስባ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ በመጨረሻ ሰዓት የነካካሁት እኔ ነኝ» አለች። ሐረገወይን አንድ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። «እኔም ‹ገና›ው አጠራጥሮኝ ነበር» አለች፣ «ግን እትዬ አስካለ ሰምተውት ካለፉ ብዬ ተውኩት።» ይህን ስትል አላየችኝም፤ ለመክሰስም አልነበረም። እኔ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። አራት ቀን ሙሉ ከቤት አልወጣሁም። ስልክ ሲበራ እደነግጣለሁ፤ ተሾመ ሲጠራኝ የተነቃብኝ ይመስለኛል።

በአምስተኛው ቀን ወደ አዳራሹ ስሄድ ሜሮን ብቻዋን ኖታዎቿን ካርቶን ውስጥ ስትከት አገኘኋት። ዜማ መጻፉን ልትተወው ነው፤ የሙዚቃ መምህርነት ቦታ አግኝታለች። ካርቶኑን በፕላስተር ስታሽገው ሳይ ከቤቴ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ።

«ሜሮን፣ እኔ አልሰማም» አልኳት። «ያን ዕለት ‹ይሄዳል› ስልሽ አልሰማሁትም ነበር። ሳቁንም አልሰማሁም። ጆሮዬ ከሄደ ሁለት ዓመቱ ነው።»

ፕላስተሩ እጇ ላይ ተጣብቆ ቀረ።

«እርግጠኛ ነዎት ብዬ ጠይቄዎት ነበር እኮ» አለች።

«ጠይቀሽኛል።»

«ተቆጡኝ።»

«ተቆጣሁሽ።»

«እኔ ደግሞ አምስት ቀን ሙሉ፣ የማልረባ ሰው ነኝ እያልኩ...» አለችና ፊቷን አዞረች። ከዚያ በኋላ የተናገረችውን አላየሁትም፤ ድገሚልኝ የማለት አንጀትም አልነበረኝም። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። «ለወይዘሮ ጽጌም ይንገሯቸው» አለችኝ። «እኔ አልነግርልዎትም።»

የወይዘሮ ጽጌ ቤት ላፍቶ ነው፤ አካባቢው እርሻ በነበረ ጊዜ አባታቸው የሠሩት፣ ዛሬ ፎቆች መካከል የተቀረቀረ ቤት። ሜሮንና እኔ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ተጫንኩት።

«አባቴ ይህን የጻፉት ታናሽ ወንድማቸው በግፍ ሲገደል ነው» አሉ ወይዘሮ ጽጌ። «ሰው የሳቀው በአጎቴ ነው። እኔ የፈራሁት ቃሉን እንዳትነኩት ነበር። ሳትነኩት ገደላችሁት።»

«ሜሮን አይደለችም፣ እኔ ነኝ» አልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። የሐኪሙን ክፍል፣ የእግር ጫማ እያየሁ መምራቴን፣ ሳቁን ልቅሶ ነው ብዬ ማልቀሴን። በመካከል አላቋረጡኝም።

«ባለቤትዎ ያውቃሉ?»

«አያውቅም።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ!» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ምርኩዛቸውን ለረጅም ጊዜ በእጃቸው ሲያሽከረክሩ ቆዩ። «አንድ ጊዜ ብቻ። መጥቼ ከፊት እቀመጣለሁ። አንድ ሰው ከሳቀ ግን በሕይወቴ ዓይናችሁን እንዳላይ።»

የዚያኑ ዕለት ማታ ለተሾመ ነገርኩት። «እኔ ደግሞ የተቀየምሽኝ መስሎኝ ነበር» አለኝ።

ሥራው እንደገና ተጀመረ። ቃሉን መለወጥ አንችልም፤ ስለዚህ ሜሮን ከበሮውን አወጣችው፣ ‹ገ› እና ‹ና› በአንድ ትንፋሽ ተከታትለው እንዲወርዱ አድርጋ ዜማውን አሳጠረችው። እኔ በመዳፌ መስማት ጀመርኩ። የአንድ ዘፋኝ አገጭ ሥር እጄን ሳሳርፍ፣ ፊደሉ ሲጠብቅ ምላሱ ጥርሱን ተደግፎ ሲዘገይ ይሰማኛል፤ ሲላላ ነካ አድርጎት ያልፋል። አሥራ ስድስቱንም አንድ በአንድ እንዲህ ፈተንኳቸው። መዳፌ የማይደርስበትን ሐረገወይን ትሰማልኛለች፤ ከዚያ ወዲህ «ይሄዳል» የምትለው እሷ ሆነች። የአዳራሹን ጥበቃ አባባ ገመቹንም ጠርተን፣ ጋሽ ደምሴ እንደሚያደርገው ጀርባቸውን ለመድረኩ ሰጥተው እንዲቀመጡ አደረግን።

«ምን አሉ አባባ?»

«አልነጋም ነው የሚሉት» አሉ አባባ ገመቹ። «ሴትዮዋን ለምን አያስገቧትም?»

በሦስተኛው ሳምንት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ተመልካች ገባ። ወይዘሮ ጽጌ ከፊት ተቀመጡ። እኔ መጋረጃው ሥር መቆም አልቻልኩም፤ ዓይኔን ከእንግዲህ አላምነውም። ከመጨረሻው ወንበር አባባ ገመቹ አጠገብ ተቀመጥኩና እጃቸውን ያዝኩ። «የሳቀ ሰው ከሰሙ ጨበጥ ያድርጉኝ» አልኳቸው።

«ነጋ?» አለች ሐረገወይን። የአባባ ገመቹ እጅ አልተንቀሳቀሰም። ሁለት። ሦስት። ያለፈው ጊዜ እዚህ ላይ ነበር የጀመረው። ከፊት አንድ ሰው ጎንበስ አለ። እጃቸው ፀጥ እንዳለ ነው። አራት። አምስት። ስድስት ላይ ሽማግሌው እጃቸውን ከእጄ መንጭቀው ወሰዱት። ምን ማለት እንደሆነ አልተነጋገርንበትም። ዞር ብዬ ለማየት አንገቴ እምቢ አለኝ። ሰባተኛው መልስ አልፎ፣ መብራቱ ጠፍቶ ሲበራ ቀስ ብዬ አየኋቸው። በካፖርታቸው እጅጌ ዓይናቸውን እየጠረጉ ነው።

«የሳቀ ሰው አለ?» አልኳቸው።

ራሳቸውን ወዘወዙ።

ሰው ከወጣ በኋላ ወይዘሮ ጽጌ ሜሮንና ዘፋኞቹ ወዳሉበት በምርኩዛቸው ቀስ ብለው መጡ። ለሁሉም እጅ ሰጡና በመጨረሻ ፊቴ ቆሙ። አንድ ነገር ተናገሩ። መሬት መሬት እያዩ ስለተናገሩት ከንፈራቸውን አላገኘሁትም። እንደ ልማዴ ፈገግ ልል፣ ራሴን ልነቀንቅ ጀምሬ ነበር። ሜሮን ታየኛለች። አጃቢዎቹ ሁሉ ያዩኛል።

«አልሰማሁዎትም» አልኳቸው። «ጆሮዬ አይሰማም። ይድገሙልኝ።»

ወይዘሮ ጽጌ ቀና አሉ። በግራ ጎኔ ዞረው መጡና ትከሻዬን ይዘው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ነገም እመጣለሁ ነው ያልኩሽ።»